ወርቅ የሚስበው የኤሌክትሪክ መስመርና ከአርሲ ደጋ የሚነሳው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሰላ የአርሲ ዞን ርዕሰ ከተማ ናት። አካባቢው በስንዴና በቢራ ገብስ ምርቱ፣ በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ በ1967 በስዊድን ድጋፍ በተጀመረው የካዱ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እንዲሁም ከበቆጂ በወጡ ታዋቂ አትሌቶች ይታወቃል። በወርቅ ማዕድን ግን ስሙ አይነሳም።

ይሁን እንጂ በጉጂ፣ በምዕራብ ወለጋና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኙ የወርቅ ማውጫዎች ከብሔራዊ የኃይል ቋት የሚጠይቁት ኤሌክትሪክ ለአርሲ ደጋ ነዋሪና አመራር ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የአርሲ ደጋና ዙሪያው የአገሪቱን የኤሌክትሪክ መረብ ለረጅም ዓመታት ተሸክመው ከቆዩ አካባቢዎች መካከል ይጠቀሳሉ። በዚህም ምክንያት ኃይል አቅራቢው ተቋም በትላልቅ ደንበኞች አማካይነት ሲያድግ ዕድገቱ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚደርሰው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ አካባቢ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ከደጋው ሥር የተነሳው ኃይል

ሕዝቡ "መብራት ኃይል" እያለ የሚጠራው ተቋም በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ሲመሠረት የአገሪቱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ያለፈ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዋሽ ወንዝ ላይ ሦስት ማመንጫዎች በተከታታይ ተገንብተዋል። የቆቃው እ.ኤ.አ በ1960፣ አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት ደግሞ በ1971 ሥራ የጀመሩ ሲሆን አቅማቸውም በቅደም ተከተል 43፣ 32 እና 32 ሜጋ ዋት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማመንጫዎች የሚገኙት ወንዙ አርሲንና ምሥራቅ ሸዋን በሚያዋስንበት በአዋሽ መልካሳ አካባቢ ነው።

ከአርሲና ከባሌ ተራሮች በሚነሳው የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተገነባው የመልካ ዋከና ማመንጫ እ.ኤ.አ በ1988 አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። የማመንጨት አቅሙ 153 ሜጋ ዋት ነው። በወቅቱ የፊንጫውንና የጢስ ዓባይን ማመንጫዎች ጨምሮ የብሔራዊው የኃይል ቋት አጠቃላይ የውኃ ኃይል አቅም 370 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። ይህም ማለት መልካ ዋከና ብቻውን ከአጠቃላዩ አቅም 41 በመቶውን፣ ከአዋሽ ወንዝ ሦስት ማመንጫዎች ጋር ሲደመር ደግሞ 70 በመቶውን ይሸፍን ነበር ማለት ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተገኘው ዕድገት እጅግ ከፍተኛ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ፣ ተከዜ፣ ጊቤ ሁለት፣ ጣና በለስና ጊቤ ሦስት ተራ በተራ ወደ ሥራ ገብተዋል። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የተቀመጠው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ግድቡ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው በመሆኑ የአገሪቱን አጠቃላይ አቅም ከ9 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ አድርሶታል። በዚህ ስሌት የመልካ ዋከና ድርሻ ከ41 በመቶ ወደ 2 በመቶ ያልሞላ ወርዷል።

የደጋው ድርሻ በመቶኛ ሲቀንስ የነዋሪው የኤሌክትሪክ ፍላጎት ግን ጨምሯል። በክላስተር የሚያርሰው ገበሬ የመስኖ ውኃ መሳቢያ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሦስት ፌዝ መስመር፣ ጤና ጣቢያው ለክትባት ማቀዝቀዣው የማይቋረጥ ኃይል ይሻል። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካና ሌሎች የእርሻ ምርት ማቀነባበሪያዎችም አስተማማኝ ኃይል ያስፈልጋቸዋል።

አንድ የወርቅ ማውጫ የሚጠይቀው ኃይል

ኃይል ማመንጨት የተቋሙ የመጀመሪያ ሥራ ቢሆንም ዕድገቱ የሚለካው ያመነጨውን በመሸጥ ነው። ያልተሸጠ ኃይል ብድር አይከፍልም፣ አዲስ መስመርም አይዘረጋም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጎረቤት አገሮች መላክ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ተቆጥሯል። ከጂቡቲና ከሱዳን ቀጥሎ ከኅዳር 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለኬንያ ኃይል በመቅረብ ላይ ይገኛል። በአገር ውስጥ ደግሞ ከመደበኛ ፋብሪካዎች ባሻገር ሁለት አዳዲስ የደንበኛ ዓይነቶች ጎልተው ወጥተዋል። አንደኛው በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ የዳታ ማይኒንግ ድርጅቶች ሲሆኑ ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ደረጃ የወርቅ ማውጫዎች ናቸው።

የወርቅ ማውጫ ለኃይል አቅራቢ ተፈላጊ ደንበኛ የሚሆንበት ምክንያት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። በግልጽ ጉድጓድ በሚሠራ ማውጫ ውስጥ አንድ ቶን ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ወርቅ ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ይህን ለማውጣት ድንጋዩ መሰበር፣ ከዚያም እንደ ዱቄት እስኪልም መፈጨት አለበት። ቀጥሎ በትላልቅ ገንዳዎች ውስጥ በኬሚካል ታጥቦ ወርቁ ይለያል። ከዚህ ሂደት ውስጥ ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ የሚወስደው መፍጫው ነው። ጠንካራ ድንጋይ ለመፍጨት በቶን በአማካይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል።

በዚህ ስሌት በዓመት 6 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ የሚፈጭ አንድ ማውጫ ለመፍጫው ብቻ 100 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማል። ይህ መጠን በወር 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ከ270 ሺህ በላይ ቤተሰቦች የዓመት ፍጆታ ይበቃል። ከመጠኑ ባሻገር የአጠቃቀሙ ሁኔታም ልዩ ነው። መፍጫው ቀንና ሌሊት፣ በሥራና በበዓል ቀን ሳይቆም ይሠራል። የመኖሪያ ቤቶች ፍጆታ ምሽት ላይ ከፍ ብሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲወርድ የማውጫው ፍጆታ ግን ቀጥ ያለ ነው። ኃይል አቅራቢው ያመነጨውን ሌሊትም ቀንም የሚገዛለት ደንበኛ ያገኛል ማለት ነው።

ለአገሪቱም ጥቅሙ ድርብ ነው። ማውጫው ከብሔራዊ መረብ ኃይል ካላገኘ በናፍጣ ጄኔሬተር መሥራት ይገደዳል። ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚገኘው ኃይል ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት የማይበልጥ በመሆኑ ከላይ የተጠቀሰውን 100 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት በዓመት ከ25 ሚሊዮን ሊትር ያላነሰ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በቦቴ ተጓጉዞ መቅረብ ይኖርበታል። ከመረቡ የሚቀርበው ኃይል ይህን ወጪ ያድናል፣ ማውጫውም ወርቅ ወደ ውጭ በመላክ ምንዛሪ ያስገባል።

በዚህ መልክ ከብሔራዊ መረብ ጋር የተሳሰሩና ለመተሳሰር በዝግጅት ላይ ያሉ ማውጫዎች አሉ። በጉጂ ዞን የሚገኘው የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ እ.ኤ.አ በ1997 ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ የተዛወረና የአገሪቱ ቀዳሚ ዘመናዊ የወርቅ ማውጫ ሆኖ የቆየ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገነባው የኩርሙክ ፕሮጀክት ከመረቡ ኃይል ለማግኘት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ስምምነት አድርጓል። በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው የቱሉ ካፒ ፕሮጀክትም የተቀረጸው ከመረቡ በሚገኝ ኃይል እንዲሠራ ተደርጎ ነው።

ወርቅ ሁሉ የኤሌክትሪክ ደንበኛ አይደለም

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የአገሪቱ የወርቅ ገቢ በ2017 በጀት ዓመት ከፍተኛ ጭማሪ አሳይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ይፋ ከሆነው የውጭ ምንዛሪ አስተዳደር ማሻሻያ በኋላ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ በመጨመሩ ከዘርፉ የተገኘው ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። በዓመቱ ከወጪ ንግድ የተገኘው ጠቅላላ ገቢም ከ8 ቢሊዮን ዶላር በልጧል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ወርቅ አብዛኛው የተገኘው በዶማና በአካፋ፣ በገበቴና በወንፊት ከሚሠሩ ባህላዊ አምራቾች ነው። እነዚህ አምራቾች የከፍተኛ ኃይል ደንበኞች አይደሉም። በመሆኑም የወርቅ ገቢ በጨመረበት ልክ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ጨምሯል ብሎ መደምደም ስህተት ላይ ይጥላል። የኃይል አቅራቢውን ገቢ በእርግጥ የሚያሳድጉት የኢንዱስትሪ ደረጃ ማውጫዎች ሲሆኑ ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው። ይህም ለዕቅድ አውጪው መልካም አጋጣሚ ነው። ዋና ዋናዎቹ ውሎች ገና በመፈረም ወይም በመጀመሪያ ዓመታቸው ላይ ስለሚገኙ አሠራሩን ከወዲሁ ማስተካከል ይቻላል።

በወርቅ ማውጫና በዳታ ማይኒንግ መካከል ያለውን ልዩነት ማጤንም ተገቢ ነው። የዳታ ማይኒንግ ድርጅት ኃይል ወዳለበት ይሄዳል። በነባር ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ኮንቴይነሮቹን ተክሎ ሥራ ይጀምራል፣ ክፍያውንም በውጭ ምንዛሪ ይፈጽማል። ነገር ግን አዲስ አካባቢን ከመረቡ ጋር አያገናኝም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ከዚህ ዘርፍ የሚቀርቡ አዳዲስ ጥያቄዎችን መቀበል ማቆሙን በ2017 ዓ.ም መጨረሻ አስታውቋል። ወርቅ ግን ካለበት አይነሳም። ኃይሉ ወደ እርሱ መሄድ ስላለበት ከፍተኛ ተሸካሚ መስመር ቀድሞ ወዳልደረሰበት ገጠር ይዘረጋል። ማውጫው መስመር ይስባል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው የተሳበው መስመር በመንገዱ ላለው ሕዝብ ምን ይሰጣል የሚለው ነው።

በላይ የሚያልፍ መስመር

በአርሲ ደጋ ለሚኖር ገበሬ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ትላልቆቹ የብረት ምሰሶዎች በስንዴ ማሳ መካከል ቆመው፣ ሽቦው ከቤቱ በላይ እያለፈ ቤቱ ግን በኩራዝ የሚያመሽበት ጊዜ ረጅም ነው። ቅሬታው ብዙ ጊዜ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይቀርባል። የሚሰጠው መልስም ከቴክኒክ አኳያ ትክክል ነው። በ132 ወይም በ230 ኪሎ ቮልት የሚጓዝ ኃይል በቀጥታ ወደ ቤት አይገባም። መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት መውረድ፣ ከዚያ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ወደ ቀበሌው መጓዝ፣ በመጨረሻም በመንደር ትራንስፎርመር ወደ ቤት መጠን መውረድ አለበት። እያንዳንዱ ደረጃ ገንዘብ ይጠይቃል።

ችግሩ የበጀት ብቻ ሳይሆን የአደረጃጀትም ነው። በ1989 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የተባለው ተቋም በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎችንና ከፍተኛ ተሸካሚ መስመሮችን ሲይዝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የማከፋፈልና ለደንበኞች የመሸጥ ሥራን ተረክቧል። ክፍፍሉ እያንዳንዱ ተቋም በሥራው ላይ እንዲያተኩር ረድቷል። በሌላ በኩል ግን ከማዕድን ማውጫ፣ ከዳታ ማይኒንግና ከወጪ ንግድ የሚገኘው ገቢ በአንደኛው ተቋም ሂሳብ ሲገባ የገጠር ቀበሌን የማገናኘት ግዴታ በሁለተኛው ተቋም ትከሻ ላይ ይቀራል። የአመንጪው ተቋም ትርፍ በራሱ የአከፋፋዩን ምሰሶና ቆጣሪ አይገዛም።

የገጠር ኤሌክትሪክን ለማስፋፋት በ1998 ዓ.ም የተጀመረው ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ከተሞችንና ቀበሌዎችን ከመረቡ ጋር አገናኝቷል። በኅዳር 2010 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ እስከ 2025 ድረስ ሁሉንም ዜጎች ተደራሽ ለማድረግ፣ 65 በመቶውን በመረብ፣ 35 በመቶውን ደግሞ በፀሐይና በሌሎች ከመረብ ውጭ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ ያለመ ነበር። የዓለም ባንክ መረጃ እንደሚያመለክተው የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ የሆነው ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ነው። ግቡ በተያዘለት ጊዜ አልተሟላም። የማመንጨት አቅሙ በብዙ እጥፍ ሲያድግ የማከፋፈሉ ሥራ በዚያው ፍጥነት አለመጓዙን ይህ ልዩነት ያሳያል።

ሸክሙ በተራው ደንበኛ ላይም ይታያል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመታት የሚቀጥል ማሻሻያ ተግባራዊ እየሆነ ነው። ማሻሻያው የተቋማቱን ወጪ ለመሸፈን የተደረገ ነው። የቤተሰብ ደንበኛ ድርሻውን እየከፈለ ባለበት ወቅት ትልቁ ደንበኛ የሚከፍለው ዋጋ ወጪን የሚሸፍን መሆኑን ማረጋገጥ የፍትሐዊነት ጉዳይ ይሆናል።

የጋና ተሞክሮ

ይህን ጉዳይ ከኢትዮጵያ ቀድማ ያየችው ጋና ናት። በቮልታ ወንዝ ላይ የተገነባው የአኮሶምቦ ግድብ እ.ኤ.አ በጥር 1966 ተመረቀ። የኃይሉ ዋና ገዢ ቫልኮ የተባለ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሲሆን የኦቡዋሲና የታርክዋ የወርቅ ማውጫዎችም ከቮልታ ወንዝ ባለሥልጣን የመጀመሪያ ደንበኞች መካከል ነበሩ። ያለ ማቅለጫው ለግድቡ ብድር ማግኘት አይቻልም ነበር። ትልቅ ደንበኛ ለትልቅ ግንባታ ዋስትና ሆኖ እንደሚያገለግል ይህ አብነት ያስረዳል።

ሆኖም ሁለት ችግሮች ተከተሉ። የመጀመሪያው ለማቅለጫው የተሰጠው ዝቅተኛ ዋጋ ለረጅም ዓመታት በውል የታሰረ መሆኑ ነው። የጋና መንግሥት ዋጋውን በመሠረቱ ማሻሻል የቻለው እ.ኤ.አ በ1985 ከረጅም ድርድር በኋላ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በደረሰው ድርቅ የግድቡ ውኃ ስለወረደ ማቅለጫው ሥራ አቁሞ ነበር። ሁለተኛው ችግር የስርጭቱ ነው። መስመሩ ወደ ማውጫዎቹና ወደ ደቡብ ከተሞች በ1960ዎቹ ሲደርስ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከመረቡ ጋር የተገናኘው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነበር። ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብሩም የተጀመረው በ1989 ነው። በግድቡ ምረቃና በገጠሩ መብራት መካከል ከሃያ ዓመታት በላይ አልፏል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትላልቅ ደንበኞች ይቅሩ የሚል አይደለም። ትልቁ ደንበኛ መረቡን መሥራት ይችላል፣ መረቡ ለሁሉም እንዲደርስ የሚያደርገው ግን የተለየ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ጋና ያንን ውሳኔ ዘግይታ ወስዳለች። ኢትዮጵያ ከዚያ አስቀድማ ልትወስደው ትችላለች።

ማውጫው ሲቆም፣ ውኃው ሲጎድል

የኃይል አቅራቢው ዕድገት በማዕድን ላይ ሲመሠረት የሚያጋጥሙ ሥጋቶችም አሉ። አንደኛው የማውጫው ዕድሜ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያና ከፍተኛ ተሸካሚ መስመር አርባና ሃምሳ ዓመት ሊያገለግሉ ሲችሉ አንድ የወርቅ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ክምችቱን ይጨርሳል። የወርቅ ዋጋም አንድ ቦታ አይቆምም። እ.ኤ.አ በ1980 አንድ አውንስ እስከ 850 ዶላር ደርሶ የነበረው ዋጋ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ300 ዶላር በታች ወርዷል። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2025 ደግሞ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ሆኗል። ዛሬ ያለው ዋጋ ለዘለዓለም ይቀጥላል ብሎ ማቀድ አይቻልም።

ሌላው ሥጋት ማውጫው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም የአካባቢው ነዋሪዎች በጤናና በአካባቢ ብክለት ላይ ባነሱት ተቃውሞ ምክንያት ታግዶ ነበር። ማውጫው ከዓመታት በኋላ ወደ ሥራ ቢመለስም ክስተቱ ለኃይል አቅራቢም መልዕክት አለው። የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የተሰጠው አካል በአካባቢው ማኅበረሰብ ልማት እንዲሳተፍ ይጠብቃል። ኤሌክትሪክ ለዚህ ቀዳሚው መግለጫ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ በመብራት የሚያበራ ማውጫ በጨለማ መንደር ተከቦ በሰላም ይሠራል ተብሎ አይገመትም።

ሦስተኛው የውኃ እጥረት ነው። ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። በ2001 ዓ.ም እንዲሁም በግንቦት 2011 ዓ.ም የግድቦች ውኃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ ማከፋፈል ግድ ሆኖ ነበር። የሕዳሴው ግድብ ሥጋቱን በእጅጉ ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያጠፋውም። ቀን ከሌሊት የሚሠሩ ትላልቅ ደንበኞች ሲበዙ በእጥረት ጊዜ ማን ይቀነሳል የሚለው በውል አስቀድሞ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ለመቀነስ ቀላል የሆነው የገጠር መስመር በመጀመሪያ ይቋረጣል።

ከአርሲ የሚጀምር መልስ

በዚህ ረገድ የአርሲ ደጋ እንደገና ጠቃሚ ሥፍራ ይዟል። በ2013 ዓ.ም የግንባታ ውሉ የተፈረመውና በዴንማርክ ድጋፍ የሚደገፈው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ፕሮጀክት በኢተያ አካባቢ 100 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። በዚያው ዞን የሚገኘው የቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኃይል ፕሮጀክት የኃይል ሽያጭ ስምምነቱን በ2010 ዓ.ም ፈርሞ በ2012 ዓ.ም የጉድጓድ ቁፋሮ ጀምሯል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 50 ሜጋ ዋት ነው። በኢትዮጵያ ነፋስ የሚበረታው በበጋ ወራት፣ ማለትም የወንዞች ውኃ በሚቀንስበት ጊዜ ሲሆን የከርሰ ምድር እንፋሎት ደግሞ ወቅት አይለይም። ስለዚህ ከአርሲ የሚገኘው ኃይል በመጠኑ ከትላልቆቹ ግድቦች ጋር ባይወዳደርም በድርቅ ዓመት የሚሰጠው ዋስትና ከመጠኑ በላይ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ለፌዴራል፣ ለክልልና ለዞን አመራሮች የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የዋጋ ነው። ከማዕድን ማውጫ ጋር የሚደረግ የኃይል ሽያጭ ውል የማመንጫውንና የማስተላለፊያውን ሙሉ ወጪ የሚሸፍን፣ በየጊዜው የሚታይበት አንቀጽ ያለው፣ ማውጫው ያለ ጊዜው ቢዘጋ የመስመሩን ቀሪ ዋጋ ማን እንደሚከፍል የሚደነግግ ነው ወይ? ሁለተኛው የንድፍ ነው። ወደ ማውጫው የሚዘረጋው መስመር ሲነደፍ በመንገዱ ላሉ ከተሞችና ቀበሌዎች የሚያገለግል ማውረጃ ትራንስፎርመርና የማከፋፈያ መስመር አብሮ ተነድፎ በጀት ተይዞለታል ወይ? ሥራው ከዓመታት በኋላ ለብቻው ሲሠራ ወጪው እንደሚበልጥ ማንኛውም የዘርፉ ባለሙያ ያውቀዋል።

ሦስተኛው የገቢ ክፍፍል ነው። ከትላልቅ ደንበኞችና ከወጪ ንግድ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻ በቋሚነት ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የገጠር ማስፋፊያ የሚተላለፍበት ሥርዓት ካልተዘረጋ የአንዱ ተቋም ዕድገት በሌላው ላይ አይታይም። አራተኛው የቅድሚያ ጉዳይ ነው። ኃይል በሚያጥርበት ጊዜ የመቀነሱ ቅደም ተከተል በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ታውቆ፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የውኃ መሳቢያዎችና ወፍጮ ቤቶች በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መቀመጣቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

እነዚህ ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ብቻ የሚመለሱ አይደሉም። የዞንና የወረዳ አመራሮች በየአካባቢያቸው የትኛው ቀበሌ ከከፍተኛ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ስንት ወፍጮ ቤት፣ ስንት የመስኖ ጣቢያ ኃይል እንደሚጠብቅ በመረጃ አደራጅተው ካልያዙ በጀት ሲገኝ ቅድሚያ የሚያገኘው አካባቢ ሌላ ይሆናል። የኃይል ተቋሙ ዕቅድ የሚሠራው በጥያቄ ብዛት ሳይሆን በተጠና የፍጆታ መጠን ነው። የተደራጀ የእርሻና የማቀነባበሪያ ፍላጎት ለኃይል አቅራቢው እንደ ማውጫ ሁሉ ደንበኛ ነው፣ ልዩነቱ ክምችቱ አለማለቁ ነው። ወርቅ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከጉድጓዱ ሊያልቅ ይችላል። የጭላሎ ግርጌ ስንዴና ገብስ ግን በየዓመቱ ይዘራል፣ በየዓመቱም ይፈጫል።

የአርሲ ደጋ ከስድሳ ዓመታት በላይ ለአገሪቱ መረብ ኃይል ሲያቀብል ኖሯል። የወርቅ ማውጫዎች የኃይል አቅራቢውን ገቢ ከፍ ማድረጋቸው መልካም ዜና ነው። የዜናው ሙሉነት የሚታወቀው ግን ከማውጫው የተገኘው ገቢ ተመልሶ በዋቢ ምንጭና በአዋሽ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች ምሰሶና ቆጣሪ ሆኖ ሲቆም ነው።